ያልታመመ ወፍጮ የሚጠይቁት ሰው

ወሬውን ያመጣው ከደሴ እህል ጭኖ የገባ ሾፌር ነው። እኔ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው የሞተር ቤት ደጃፍ ቆሜ ነበር። ሾፌሩ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «እዚህ አገር ይመር የሚባል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበር አሉ፤ ዘመድ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

በእኛ አገር ከእንዲህ ያለ ጥያቄ በኋላ የሚመጣው አንድ ነገር ነው። ልቤ ቀድሞ አወቀው። የለውም ብል አልዋሽም ነበር፤ መካነ ሰላም ውስጥ የሥጋ ዘመድ አልነበራቸውም። ግን ሾፌሩ የያዘውን ይዞ እንዳይሄድ ፈርቼ፣ «እኔ አለሁ» አልኩት።

ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። ጋሽ ይመር ቆላ ውስጥ ባለ አንድ የሰፈራ ጣቢያ ወባ ይዟቸው ሞተዋል፤ ሰንብቷል፤ እዚያው ተቀብረዋል። የሚያውቀው ይህን ብቻ ነበር። የሚያጥባቸው ሼህ፣ የሚያለቅስላቸው ሰው ተገኝቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱም ከሌላ ሾፌር የሰማው ስለሆነ አላወቀም። የመርዶ ወጉ እንዲህ አልነበረም። ሽማግሌዎች ገና ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ከሟቹ ዘመድ በር ይደርሳሉ፤ ሰው ይደገፋል፤ ውሃ ይዘጋጃል። የጋሽ ይመር መርዶ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በናፍጣ በርሜል መሃል ደረሰ።

አብሮኝ የሚሠራው ሲሳይ የሚያንከባልለውን በርሜል ትቶ ቆመ። ሲሳይ ለሁሉም ነገር ቀልድ የማያጣ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም። «አሁን ይህን ለማን እንነግራለን?» አለ። «እኝህ ሰው ከድንጋይ ነው'ኮ የወጡት።»

መርዶው የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሽ ይመር ደጎሎ ላይ ልጅ አለቻቸው። ልጅቱ ግን አባቷ መሆናቸውን አታውቅም፤ እንዳታውቅም አደራ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

መካነ ሰላም የመጡት ከክፉው ቀን በኋላ፣ ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ከተማችን ከየቆላው በተሰደደ ሰው ተሞልታ ነበር። ከጤና ጣቢያው በታች ያለው ሜዳ ሁሉ ድንኳን ነው። ለጤና ጣቢያው መብራት፣ ለተረጂው ደግሞ ውሃ እንዲሆን ተብሎ የናፍጣ ሞተርና የውሃ ፓምፕ መጣ። ያመጡት ሰዎች ተክለውት ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ከደሴ ሰው መጥቶ ጠገነው፤ ሰውዬው አቀስታን ሳያልፍ ሞተሩ እንደገና ቆመ እየተባለ ተቀለደ። በመጨረሻ የእርዳታ መሥሪያ ቤቱ ጠጋኝ መላክ ሰለቸውና አስተማሪ ላከ፤ ከዚያው ካገሩ ሰው መርጠህ አሠልጥን ብሎ።

የመጡት አስተማሪ ረጅምና ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። አሰብ ወደብ ሲሠሩ የለበሱት የነተበ ካኪ ኮት ነበራቸው፤ በዝናብም በፀሐይም ከላያቸው አይወርድም። ሁለቱም አውራ ጣቶቻቸው ወደ ኋላ የተቆለመሙ ናቸው። ካቻቢቴ ሲያዞሩ ኖረው ነው ብለን ስንስቅ፣ ጣቶቻቸውን አይተው፣ «ከእናቴ ሆድ ይዤው የመጣሁት ነው» ይሉ ነበር። ከመስጊዱ በታች አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰው ቤታቸው ሲገባ፣ እሳቸውም ሰው ቤት ሲገቡ አይታዩም። ምሳቸውን ሞተሩ አጠገብ ተቀምጠው ይበላሉ። ጎንበስ ብለው ሲያኝኩ ጆሯቸው ሞተሩ ላይ ነው፤ ድምፁ ትንሽ ከተለወጠ ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ይቀራል።

እኔ የጤና ጣቢያው ጽዳት ነበርኩ። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥሁት። ሠልጣኞቹ ሲመረጡ እኔን ያሰበኝ አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩትም። የመጀመሪያው ቀን ሞተር ቤቱን እየጠረግሁ ሳለ ጋሽ ይመር ሠልጣኞቹን ሰብስበው፣ ሞተሩን አስነሥተው፣ ዝም ብላችሁ አድምጡ አሉ። ሰዎቹ ይተያያሉ፤ አንዱ ያንሾካሹካል፤ ሲሳይ፣ «ምን እያለ ነው? ናፍጣ አምጡ ነው የሚለው?» ይላል። ጋሽ ይመር እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ መጥረጊያውን አስቀምጪና ነይ።»

«እሷ'ኮ አትናገርም» አለ ሲሳይ። «ስሟም ዘነበች ነው። ይህን ስም ያወጡላት ሰዎች ወሎን ነው ያታለሉት።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ይመር ግን አልሳቁም፤ ዝምተኛ ሰው ለሞተር ይበጃል አሉና የካቻቢቴውን ጫፍ ከሞተሩ ገላ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ አጠገብ አድርገው አስደገፉኝ። ኩሽኔታው ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ በብረቱ ውስጥ መጥቶ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጥረጊያውን ከትምህርቱ በኋላ ብቻ ነው የያዝኩት።

የትምህርታቸው ነገር ሁሉ አንድ ቃል ላይ ነበር፤ መጠየቅ።

«በሽተኛ ጠይቆ የማያውቅ አለ ከእናንተ መካከል?» ብለው ጀመሩ። አልነበረም። «ጤነኛ ጠይቆ የሚያውቅስ?»

ሲሳይ እንደልማዱ ቀደመ። «ጋሽ ይመር፣ ጤነኛ ሰው ቤት ሄጄ እግዜር ይማርህ ብለው በዱላ ያባርረኛል።»

«ታዲያ እናንተ የምትሠሩት ይህን ነው» አሉ። «ጤነኛ ትጠይቃላችሁ። ከታመመ በኋላ የሚመጣማ ሞልቷል።»

ሥራው እንደ ለቅሶ ሩጫ እንዳይሆን ለየቀኑ ለየቀኑ አካፈሉልን። አንድ ቀን ዘይቱን ማየት፤ አንድ ቀን የባትሪውን ውሃ፤ አንድ ቀን አቧራውን ከየቀዳዳው ማራገፍ፤ አንድ ቀን ቡሎኖቹን በየተራ ማጥበቅ። የሽቦ መጋጠሚያ ላይ ያለ ቡሎን ከላላ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ሽፋኑ ይጠቁራል፤ የጠቆረው አንድ ቀን ይነዳል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው በሩብ ዙር መላላት ነው፤ ያን ሩብ ዙር በጊዜው ያጠበቀ ሰው ደግሞ ሥራውን ማንም አያይለትም፤ ምክንያቱም ምንም አልሆነም። ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አንድ ጊዜ ከሞተር ቤቱ በር ቆመው ወደ ድንኳኖቹ እያዩ፣ «ይህም አገር ጤነኛ ሳለ ጠያቂ አጥቶ ነው» አሉና ዞረው ገቡ። ከዚያ ሌላ ስለ ረኃቡ ሲያወሩ አልሰማሁም።

ለብልሽት ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነበራቸው። ራሳቸው ብልሽት ይሠሩብናል። አንድ ሽቦ ይነቅላሉ፣ ወይም ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ወረቀት ይከታሉ፤ ፈልጉ ይላሉ። መጀመሪያ መሣሪያው አጠገብ የነበረውን ሰው ጠይቅ፤ ከዚያ ተመልከት፤ ከዚያ አሽትት፤ ከዚያ በቴስተር ለካ፤ ሳትለካ በእጅህ አትንካ። ሲሳይ ይህን ቅደም ተከተል አምርሮ ይጠላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሮጦ ፊውዝ ይቀይራል። ፊውዝ ካጣ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ይሰካል። ጋሽ ይመር ነቅለው ኪሱ ይጨምሩለታል፤ «ፊውዝ ሞቶልህ ነው የተረፍከው፤ ለሞተልህ ሰው እንዲህ አይደረግም» ይሉታል።

እንዲህ እያልን አንድ ቀን ከወንዙ ዳር ያለው ፓምፕ ቆመ። ከተረጂዎቹ ጣቢያ የመጡ ሴቶች ጋንና ቆርቆሯቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ሲሳይ ፊውዝ ቀየረ፤ ተቃጠለ። ደግሞ ሊቀይር ሲል ጋሽ ይመር እጁን ያዙትና ሰልፉ ፊት ወደ ነበረችው ሴትዮ ዞሩ። ሲቆም እዚህ ነበርሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ነበረች። ምን አለ ሲቆም?

«ኧረ በአላህ እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «አቃሰተ፣ አቃሰተና ዝም አለ። ቅድም ደግሞ ከዚያ ከእርጥቡ መሬት ላይ የተቃጠለ ጠጉር ሸቶኝ ነበር።»

ይህን ያህል በቂ ነበር። ሽቦው በመሬት ውስጥ የሚያልፍበት ቦታ ነው፤ መጋጠሚያው ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ጋሽ ይመር ሲሳይንና ሌሎቹን አካፋ ይዘው እንዲቆፍሩ ላኩ። እኔ ቴስተሩን ይዤ አጠገባቸው ቀረሁ። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም። ሴትዮዋን ያይዋታል።

«አነጋገርሽ የኛ አገር ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከባቲ በታች ነሽ?»

ነበረች። ፋጡማ ነው ስሟ። የየት መንደር፣ የማን ልጅ እየተባባሉ ሄዱ ሄዱና ጋሽ ይመር የሚስታቸውን ስም ጠሩ። ሴትዮዋ ጋኗን መሬት አስቀመጠች።

ሚስታቸውን መንገድ ላይ ከቀበሯት ሰዎች አንዷ እሷ ነበረች። ከመንደራቸው አብረው ነው የተሰደዱት፤ ደሴ አልበቃ ሲላቸው ወደ ጃማ ወረዱ። እናትዬዋ እዚያ ደከመች። ትንሿ ልጅ ዘሃራ ግን በሕይወት ነበረች። ፋጡማ የራሷን ልጆች እንኳ መሸከም አቅቷት ስለነበር የልጅቱን እጅ ደጎሎ ላይ ለአንዲት ልጅ ለሌላት የወፍጮ ቤት ሴት አስጨበጠቻት። «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለች፤ «ለሚያበላት ሰጠኋት።»

ጋሽ ይመር አሰብ የሄዱት ልጅቱ ገና ስትድህ ነበር። ገንዘብ ይልኩበት የነበረ ሰው ሁሉ ደህና ናቸው ይላቸው ነበር፤ ረኃቡን ሰምተው ሲመጡ ቤቱ ተዘግቶ አገኙት። ያን የአስተማሪነት ሥራ የያዙትም ከጣቢያ ጣቢያ ስለሚያዞር፣ እየዞሩ ለመፈለግ ነበር። ሰዎች እርም አውጣ፣ ሰደቃ አድርግላቸው ሲሏቸው እምቢ ብለው ኖረዋል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ያየሁት ግን ፋጡማን እዚያው ትተው መጋጠሚያው ወደ ተቆፈረበት ቦታ ሲሄዱ ነው። ጎንበስ ብለው በባዶ እጃቸው ሽቦውን ያዙት። ሳይለኩ። ሲሳይ ሊቆፍር ከመሄዱ በፊት በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ ያን የሲጋራ ወረቀት ሰክቶ፣ ማብሪያውንም ሳያጠፋ ትቶት ነበር። ኮረንቲው መትቶ ወደ ኋላ ወረወራቸው። ሁላችንም ጮኸን። እሳቸው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አዩና፣ «አብሽሩ፣ አብሽሩ፤ ደህና ነኝ» አሉን። ፊታቸው ላይ እንባ ነበር፤ ሁሉም ከኮረንቲው መሰለው።

ወዲያው ደጎሎ ሄዱ። ሲመለሱ ምንም አልተናገሩም፤ የሰጡን ትምህርት እንኳ ያው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወር ደርሶ ደመወዝ በተቀበሉ ቁጥር፣ መኪና በተገኘ ቁጥር ይሄዳሉ። ወዴት ነው ሲባሉ፣ አንድ ወፍጮ አለ፣ እሱን ልጠይቅ ነው ይላሉ። ታሟል ወይ ሲባሉ፣ አልታመመም ይላሉ። ሲሳይ ይህን ይዞ ከተማውን አሳቀበት። «ጋሽ ይመር ያልታመመ ወፍጮ ሊጠይቁ ደጎሎ ሄዱ፤ ወፍጮውም እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሸኛቸው።»

ደጎሎ ላይ የሆነውን ራሳቸው እንደነገሩኝ ልናገር። ወፍጮው በናፍጣ የሚሠራ ነው፤ የአቶ ደምሴ ይባላል። ጋሽ ይመር እህል እንደሚያስፈጭ ሰው ሄደው ከበሩ ቆሙ። ልጅቱ ወዲያው ታየቻቸው፤ ዱቄት ሸፍኗት ጆንያ ትዘረጋለች። ስሟ ብርቄ ተብሏል፤ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። የጆንያውን አፍ ስትይዝ አውራ ጣቷ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። አቶ ደምሴ ምን ፈለጉ ሲላቸው የመጣላቸው ቃል፣ ወፍጮ እጠግናለሁ የሚል ነበር። ወፍጮዬ ደህና ነው አለ ሰውዬው። «ደህና ሳለ ነው የሚጠየቀው» አሉት፤ ክፍያም አልፈልግም አሉ። ለአቶ ደምሴ ዕብድ መሰሉት፤ ቢሆንም ነፃ ነገር ማን ይጠላል፣ ይግቡ አላቸው።

ቺንጋውን አዩ፣ ግራሶ ቀቡ፣ ማጣሪያውን አጠቡ። ልጅቱ የገብስ ቆሎ በእፍኟ አምጥታ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ምኑን ነው ያመመው?» አለቻቸው።

«አላመመውም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

ቆሎውን ተቀብለው በሉ።

የአቶ ደምሴ ሚስት ወይዘሮ አስካለ ግን ከጓዳ ወጥታ የሁለቱን እጆች ቆሎው ላይ አየች። ሴት ናት፣ እናት ናት፤ ሌላ የሚነግራት አላስፈለጋትም። ልጅቱን ውሃ እንድትቀዳ ልካ፣ በሩን ይዛ ቆመች። «ሊወስዷት ከሆነ ልከለክልዎ አልችልም» አለቻቸው። «ጥቂት ቀን ብቻ ይስጡኝ።»

ጋሽ ይመር እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እኔ ወፍጮ ልጠይቅ ነው የመጣሁ» አሏት።

ከዚያ በኋላ የሄዱት ሁሉ ለዚሁ ነበር። ያን ወፍጮ የሚያህል የተጠየቀ ወፍጮ ወሎ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እሳቸው በመጡ ቁጥር የወይዘሮ አስካለ ፊት ይለወጣል፤ በሄዱ ቁጥር ሰው ትሆናለች፤ ይህን ስለሚያውቁ ቶሎ ይነሣሉ። ልጅቱ ለመደቻቸው። ወፍጮ ጠያቂው መጡ እያለች ሮጣ በር ትከፍታለች።

ይህን ደስታ የሚመስል ነገር ያበላሸው ያው ጤነኛ የመጠየቅ ልማዳቸው ነው። ለሰልፍ ድምፅ ማጉያ ያስፈልጋል በተባለበት ሰሞን ሞተሩን ፈትተው፣ ዕቃውን በሸራ ላይ ዘርግተው እያጸዱ ነበር። ቀደም ብለው ለቀበሌው ነግረዋል፤ ቀበሌው ረስቶታል። የቀበሌው ካድሬ መጥቶ የተዘረጋውን ብረት ሲያይ ዓይኑ ቀላ። ወጣት ነው፤ ከዩኒፎርሙ ውስጥ ገና ልጅነቱ ይታያል።

«ጓድ ይመር፣ ይህ ሞተር ተበላሽቶ ነበር?»

«አልተበላሸም።»

«ይሠራ ነበር?»

«አሳምሮ ይሠራ ነበር።»

«የሚሠራ ሞተር በሰልፍ ዋዜማ ፈትቶ መሬት ላይ መዘርጋት ምን ይባላል?» አለ ካድሬው፤ መልሱንም ራሱ ሰጠ፤ «አሻጥር ይባላል።»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ከወጣ በኋላ የሚመልሰው አልነበረም። ጋሽ ይመር እንዳስተማሩን በእርጋታ ሊያስረዱት ሞከሩ፤ ነገሩ ባሰ። ደግሞ የሲሳይ ቀልድ ተነሣ። ይህ ሰው ያልተበላሸ ወፍጮ ለማየት ለምን ደጎሎ ይመላለሳል? ከማን ጋር ነው የሚገናኘው? ምን ያደርሳል? ምን ያመጣል? ወስደው ቀድሞ የባላባቱ ጎተራ በነበረ ቤት ዘጉባቸው። ሲሳይ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ከተማው የሳቀበት ነገር የሰው አንገት ላይ ገመድ ሲሆን አይቶ አያውቅም ነበር። እኔና እሱ ሞተሩን እንደ ተማርነው መልሰን ገጣጠምነው፤ ተነሣ። ካድሬውን ግን የተነሣው ሞተር ሳይሆን ደጎሎ ነበር የሚያሳስበው።

ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። የጤና ጣቢያ ልጅ ስለሆንኩ ዘበኛው ያስገባኛል። ከጎተራው በር ላይ ፀሐይ በምትገባበት ተቀምጠው ቂጣውን እየቆረሱ ያን የደጎሎን ነገር ሁሉ የነገሩኝ ያኔ ነው። ለምን እኔን እንደመረጡ አልጠየቅኋቸውም። ጨርሰው ሲያበቁ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ለምን አይነግሯቸውም? ልጄን ለማየት ነው የምሄደው ቢሉ ያበቃ ነገር አይደለም?»

«ለካድሬው ብነግረው ደጎሎ ላሉት ይጽፋል» አሉ። «ደጎሎ ያሉት ልጅቱን ይጠሯታል። አባትሽ ማን ነው ይሏታል። ምን ብላ ትመልስ?»

«እውነቱን ብታውቅ ምን አለበት?»

ቂጣውን አስቀመጡት። «አሁን ዘነቡ፣ እሷ እናትና አባት አላት። እኔ ስገባ ሁለቱንም ታጣለች። በምትኩ የምታገኘው አንድ ካኪ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ነው። የሞተች እናቷንም ያን ጊዜ ነው የምትቀብራት።» ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዞሩ። «አላህ እሷን ያበላበትን እጅ አልነክስም። እኔ ብሞትም እንዳይነገራት። ባላወቀችው ሰው ምን አስለቀሳት። አደራ።»

አደራውን ተቀበልኩ።

ደሴ ወህኒ ይላካሉ ሲባል፣ ይቀጣሉ ሲባል ቆይቶ፣ በመጨረሻ ባለሙያነታቸው አዳናቸው ተባለ። ለአብዮቱ በጉልበታቸው ይካሡ ተብሎ ቆላ ውስጥ ወደሚከፈት የሰፈራ ጣቢያ፣ ሞተር እንዲተክሉ ተመደቡ። ያለ ፈቃድ ከዚያ ውልፍት እንዳይሉም ተወሰነ። መኪናው ሲመጣ ሞተር ቤቱን ሊሰናበቱ እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። የሞተሩን ገላ በመዳፋቸው ነኩት፣ ሁላችንንም በየስማችን ጠሩን። ሲሳይ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። አንሥተው ትከሻውን እየመቱ፣ ቀልድህን እንዳትተው፣ ዝም ያለ ሞተር ቤት ያስፈራል አሉት። እኔን ግን አዩኝ ብቻ። መኪናው በአቀስታ መንገድ ወረደ። ወደ ደጎሎ እንዳልታጠፈ ሾፌሩ ኋላ ነገረን፤ መገንጠያው ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን አዙረው እስከማይታይ ድረስ ወደዚያ ያዩ እንደነበርም ነገረን።

ከዚያ በኋላ ስለ እሳቸው የሰማሁት ያን የሞት ወሬ ነው።

ሲሳይና እኔ፣ የጤና ጣቢያውም ሰዎች፣ ከሞተር ቤቱ ደጃፍ ተቀመጥን። ሼሁ መጥተው ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱም ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው ዋሉ። ለአንድ ብቸኛ ሰው ብዙ ሰው ነበር። ሆኖም ለቅሶው ቦታውን የሳተ ያህል ሆነብኝ። የሚመጣው ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናሽ የሚለው እኔን ነው፤ የእኔ ግን አልነበረም። እንዳትነግሪ ተብያለሁ፤ እንዳትሄጂ ግን አልተባልኩም። ስለዚህ ፈቃድ ጠይቄ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ በእህል መኪና ተሳፈርኩ። ብቻዬን ከመካነ ሰላም ወጥቼ አላውቅም ነበር።

ደጎሎ የደረስኩት በገበያ ቀን ነው። የደምሴን ወፍጮ ድምፁን ተከትዬ አገኘሁት። ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ጆንያ ትቆጥራለች። መልኳን ቀድሞ አይቼው ባላውቅም አወቅኋት፤ እሷም እኔን ሳታውቀኝ እጄ ላይ ያለውን የናፍጣ ጥቁረት አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«ማን ነው የላከሽ?» አለች።

ዓይኗ ከእጄ ወደ ነጠላዬ ወጣ። ጥለቱ ወዴት እንደሆነ ስታይ የበሩን ጉበን ያዘች፤ ቀስ ብላም መሬት ላይ ተቀመጠች። ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ አየችና በነጠላዋ አፈነችው። ስትፈራቸው የኖረች ሴት ናት፤ እንዲህ ታለቅስላቸዋለች ብዬ አልጠበቅሁም። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ወዲያው ልጅቱ ከውስጥ ወጣች። ጋሽ ይመር ከነገሩኝ ይልቅ አድጋለች፤ ዱቄት ሸፍኗታል። እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ነጠላዬን አየች።

«ማን ሞቶብሽ ነው እትዬ?» አለችኝ።

እናትየው አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። እንዲያ ያለ ልመና በሰው ዓይን ውስጥ አላየሁም።

«እኒያ ወፍጮ የሚጠይቁት ሰውዬ» አልኩ።

ልጅቱ ወደ ወፍጮው ዞር አለች፣ ደግሞ ወደ መንገዱ። ዘንድሮ ምነው ቀሩ ስትል ሰንብታ እንደነበር ኋላ እናቷ ነገረችኝ። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና እንደ ትልቅ ሰው መጥታ እጄን ያዘች። አውራ ጣቷ መዳፌ ላይ አረፈ።

«አባትሽ ነበሩ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ፤ በእኔና በእናቷ መሃል ቁጭ አለች። በትንሽ ድምፅ ማልቀስ ጀመረች፤ ሰው ስላለቀሰ ነው የምታለቅሰው ወይስ ለእሳቸው፣ አላውቅም። ወፍጮው ይፈጫል። አንድ ገብስ የተሸከመ ገበሬ መጣና ሦስታችንን ሲያይ ጆንያውን አውርዶ፣ ባርኔጣውን ይዞ ከፊታችን ቆመ። ማን ነው የሞተው ብሎ ጠየቀ።

ብርቄ እንባዋን በዱቄታም እጇ ጠርጋ ወደኔ አመለከተችው።

«የእሷ አባት ናቸው» አለችው።